ስለ መኪና ዕድሜና ስለ ሻጭ ሕሊና

ሰው በሦስት መንገድ ይዋሻል፤ በአፉ፥ በእጁና በዝምታው። በአፉ የሚዋሽ ቶሎ ይጋለጣል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና። በእጁ የሚዋሽ፥ ይኸውም በሚዛንና በስፍር የሚያታልል፥ ጥቂት ቢቆይም መያዙ አይቀርም። በዝምታው የሚዋሽ ግን ከተያዘም በኋላ «እኔ ምን ተናገርሁና?» እያለ እንደ ጨዋ ሰው ይከራከራል። ዛሬ ልሟገተው የተነሣሁት ይህን ሦስተኛውን ነው። መኖሪያውም ሩቅ አይደለም፤ በየመንገዳችን በሚያልፈው መኪና ፊትና ኋላ ላይ ባለው ታርጋ ዘንድ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ! «ጡረተኛ መምህር ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?» ትል ይሆናል። ጉዳዬ ከመኪናው ጋር ሳይሆን ከቁጥሩ ጋር ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቁጥር ስጽፍ ኖሬአለሁ። በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ልጅ ያምነዋል፤ ስለዚህ በሰሌዳ የሚጽፍ ሰው ዕዳ አለበት። የመኪናም ሰሌዳ ያው ሰሌዳ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ያነበዋል፥ ያምነውማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው ታርጋ ስለ መኪናው የሚነግረን ጥቂት ነገር ነበር። የኮዱ ቁጥር አገልግሎቱን ያሳያል፤ 1 ታክሲ፥ 2 የግል፥ 3 የንግድ፥ 4 የመንግሥት መሆኑን። ፊደሎቹ የተመዘገበበትን ክልል ያመለክታሉ። ተከታዩ ቁጥር የምዝገባው ተራ ነው፤ በአዲስ አበባም ቁጥሩ ሲሞላ «ኤ»፥ «ቢ»፥ «ሲ» እየተባለ በፈረንጅ ፊደል ተቀጠለ። እንግዲህ ይህ ተራ የሚያሳየው መኪናው በዚህ አገር መዝገብ የገባበትን ጊዜ እንጂ ከፋብሪካ የወጣበትን ጊዜ አይደለም። ሕዝቡ ግን ተራውን እንደ ልደት ቀን ቆጠረው። ፊደሉ ሲገፋ መኪናው ወጣት፥ ቁጥሩ ወደ ኋላ ሲቀር መኪናው ሽማግሌ ነው ተባለ። ደላላውም ይህን የሕዝብ ስሕተት እንደ ገንዘብ ኪሱ ከተተው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አንዲት ቪትዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ተሠራች እንበል። በሰው አገር አሥራ አምስት ዓመት ስትሮጥ ቆይታ በእኛ 2007 ዓ.ም. አገራችን ገባች። በገባችበት ዓመት የተሰጣት ታርጋ፥ በዚያው ዓመት ከፋብሪካ ወጥታ ከገባች እኅቷ ታርጋ ጋር ተከታታይ ሊሆን ይችላል። አንዷ አያት፥ አንዷ የልጅ ልጅ፤ ሰሌዳቸው ግን መንትያ ነው። መኪናው ከክልል ወደ ክልል ሲዛወርም እንደ ገና አዲስ ቁጥር ያገኝ ነበርና ሽማግሌው ሁለተኛ ጊዜ ክርስትና ይነሣል። ሻጩም ገዢውን ወደ መኪናው ፊት ይመራውና «ታርጋውን እየው!» ብሎ ዝም ይላል። ልብ በሉ፤ ቃል አልዋሸም። ነገር ግን ገዢው ምን ብሎ እንደሚረዳ ያውቃል፤ እንዲሳሳትም ፈልጎ ጣቱን ቀስሯል። የጣት ውሸት ከአፍ ውሸት በምን ያንሳል?

ከዚህም የረቀቀ አለ። እኛ ኢትዮጵያውያን የራሳችን ዘመን አቆጣጠር አለን፤ ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። ሻጩ «የ2007 መኪና ነው» ሲል በየትኛው አቆጣጠር ነው? በፈረንጁ ከሆነ በእኛ 1999 ወይም 2000 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ገዢው በእኛ ነው ብሎ ከተቀበለው መኪናው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሰባት ዓመት ወጣት ሆኖ አረፈው። ስንኮራበት የኖርነው የዘመን መቍጠሪያችን የማጭበርበሪያ ጓዳ ሲሆን ማየት ያሳፍራል።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከትናንት የሚብሰው ለምንድን ነው? ቀድሞ የገባ መኪና ቀረጥ ሲሰላ በእርጅናው ምክንያት ከዋጋው ይቀነስለት ስለ ነበር አሮጌውን ማስመጣት ይረክስ ነበር። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በወጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ የመኪናው ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ታክሱም እየከበደ እንዲሄድ ተደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሊኖር ነው። ዕቃው አንድ፥ ፈላጊው ብዙ ሲሆን የሻጩ ሕሊና ብርቱ ፈተና ላይ ይወድቃል።

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጮኽሁ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፥ በሙያው ነርስ፥ ከዕቁብ ባገኘው ገንዘብና እናቱ ከሸጡት ቡና በተጨመረለት አንዲት አውቶሞቢል ገዛ። ደላላው ያሳየው ታርጋዋን ነበር። በጥቂት ወር ውስጥ ቤተሰቡን ጭኖ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ደንገጎ ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ያንን ቁልቁለትና ጠመዝማዛ የማያውቅ የምሥራቅ ሰው የለም። እግዚአብሔር ረድቶት መኪናውን ከተራራው ጎን አስደግፎ አቆመው። መካኒኩ ሲያየው የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ቧንቧ በዝገት ተበልቶ ኖሯል። ከወንበሩ ቀበቶ ግርጌ የተሰፋውን ጨርቅ ገልጦ ዓመቱን ሲያነብ፥ ተማሪዬ አዲስ ነው ብሎ የገዛው መኪና ሁለት ዐሥርት ዓመት ያለፈው ሆነ። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል በዚያ መንገድ ስንት ሰው ተጭኖ እንደሚሄድ አስቡ። ዕድሜውን ቢያውቅ ኖሮ ቧንቧውን ባስለወጠ፥ ፍሬኑን ባስመረመረ ነበር። ስለዚህ የመኪናን ዕድሜ የሚደብቅ ሰው የደበቀው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የደበቀው አደጋ ነው።

አሁን ወደ ተከራካሪዎቼ ልመለስ። አንደኛው «ታርጋው የመንግሥት ነው፥ ቁጥሩም እውነተኛ ነው» ይላል። መልሴ፦ ቁናውም እውነተኛ ቁና ነው፤ ወንጀሉ ከሥሩ ጭድ መደልደል ነው። ሁለተኛው «ገዢ ዐይን የለውምን? ይመርምር» ይላል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እያልን ስንተርት ኖረናል፤ ተረቱ ግን ሞኝን ሊያስጠነቅቅ የተነገረ እንጂ ለቆራጩ ፈቃድ ሊሰጥ አይደለም። ሦስተኛው «ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» ይላል። ሁሉም ካደረገው ሁሉም ተታላይ ይሆናል፤ መኪና የሸጠ ነገ ቤት፥ ከብት፥ መድኃኒት ይገዛልና። አራተኛው፥ ከሁሉም የሚሻለው፥ «ቀረጡ ከባድ ነው፤ ድኻ አዲስ መኪና ከየት ያመጣል?» ይላል። እውነት ብሏል። እኔም አሮጌ መኪና አይሸጥ አላልሁም። እንዲያውም እውነቱን ማወቅ ለድኻ ይብሳል፤ ባለጸጋ ቢታለል ሌላ ይገዛል፥ ድኻ ግን በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገዛው።

እርጅናስ ነውር ነውን? ይህን የምጠይቀው ሐረር ተቀምጬ ነው። በከተማችን ለብዙ ዘመን ፔጆ 404 ታክሲ ሠርቷል። ያ መኪና በፈረንሳይ አገር የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 ጀምሮ ነው፤ ብዙው ከሾፌሩ በዕድሜ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ማንንም አላታለለም፤ ፊቱ ራሱ ዕድሜውን ይናገራልና ተሳፋሪው አውቆት፥ ሾፌሩም አውቆት እየጠገነ ይነዳው ነበር። በጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የተባለውን ሰፈር ሂዱና እዩ፤ ስሙ የወጣው ከልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ነው። አሮጌ የስፌት መኪና ይዞ የሚሠራ ልብስ ሰፊ በእርጅናዋ ሲያፍር አላየሁም። የጁገልንም ግንብ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ወጣት መስሎ ስለ ታየ አይደለም። ከተማችን የተከበረችው ዕድሜዋን በእውነት ስለ ተናገረች ነው። የቀድሞ የሐረር አሚሮችም መሐለቅ ሲያስመቱ የሒጅራውን ዓመት ያስቀርጹበት ነበር። ትንሿ መሐለቅ ዓመቷን ተሸክማ በገበያ ከዞረች፥ በብዙ መቶ ሺሕ ብር የሚሸጥ መኪና ዓመቱን ቢናገር ምን ይጎዳዋል?

በሌላ አገር ይህን አስበውበታል። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1963 ጀምሮ ታርጋው ላይ ዓመቱን የሚያሳይ ፊደል ገባ፤ ሰውም የሚወደውን ቁጥር ገዝቶ መለጠፍ ቢፈቀድለት፥ መኪናውን ከእውነተኛ ዕድሜው ወጣት የሚያስመስል ቁጥር መለጠፍ ግን ክልክል ነው። በአየርላንድም ከ1987 ጀምሮ የዓመቱ አሃዝ በታርጋው መጀመሪያ ይጻፋል፤ ከውጭ ያገለገለ መኪና ሲገባ የሚጻፍበት የገባበት ዓመት ሳይሆን መጀመሪያ በሰው አገር የተመዘገበበት ዓመት ነው። ስለዚህ ሰሌዳን እውነት ማናገር ይቻላል።

ሕጋችንም ቢሆን ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በተንኮል ተታልሎ የተዋዋለ ሰው ውሉ እንዲፈርስለት የሚጠይቅበትን መንገድ አበጅቷል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በ692ኛው አንቀጽ፥ የሐሰት ነገር በመናገር ብቻ ሳይሆን መግለጽ የሚገባውን ነገር በመሰወር ሌላውን አታልሎ የሚጠቀመውን ይቀጣል። ዝምታም ወንጀል የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

እስከዚያው ግን፥ ልጆቼ፥ ራሳችሁን ጠብቁ። ታርጋ ሲያሳዩአችሁ ሊብሬውን ጠይቁና የተሠራበትን ዘመን አንብቡ። በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው አካል ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ቁጥሩ አሥራ ሰባት ፊደልና አሃዝ ከሆነና መኪናው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ግን አጭር ቁጥር ስላለው ዓመቱ ከቁጥሩ ላይ አይነበብም፤ ከጃፓን ሲወጣ የተሰጠው ወረቀት መጀመሪያ የተመዘገበበትን ዓመትና ወር ይይዛልና እሱን ጠይቁ። የወንበር ቀበቶውን ጨርቅ ገልጡ። በጎማው ጎን ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2318 ቢል በ2018 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ማለት ነው። ጎማ ይለወጣልና ስለ መኪናው ዕድሜ አይመሰክርም፤ «ጎማውም አዲስ ነው» ያለውን ሻጭ ግን ይመሰክርበታል። ውል ስትጽፉም የተሠራበትን ዘመን በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፉ። ይህን ለመጻፍ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

መዝጋቢ ለመሆን የታደላችሁ፥ የምርት ዘመኑ በሊብሬው ውስጥ ተደብቆ እንዳይቀር በሰሌዳው ላይ እንዲወጣ ታገሉ። ሻጭ ለመሆን የታደላችሁ ደግሞ ገዢው ሳይጠይቃችሁ ዓመቱን ንገሩት። ምናልባት ከዋጋው ጥቂት ሺሕ ይጎድልባችሁ ይሆናል። ነገር ግን የሸጣችሁት መኪና ደንገጎን ሲወርድ በሰላም ይድረስ አይድረስ እያላችሁ ሌሊት አትባንኑም። መኪና ያረጃል፥ ታርጋም ይለወጣል፤ የሰው ስም ግን አንድ ጊዜ ከቆሸሸ አዲስ ሰሌዳ የሚያወጣለት መሥሪያ ቤት የለም።