ከጨረሩ በፊት ሶኬቱ፦ ስለ ኢንዳክሽን ምድጃ ደኅንነት የቀረበ ምላሽ

የኢንዳክሽን ምድጃ በገባበት ቤት ሁሉ ሁለት አስተያየቶች ተከትለውት ይገባሉ። አንደኛው «ጨረር አለው፤ እርጉዝ ሴት አጠገቡ አትቁም፤ ምግቡንም ይመርዛል» የሚለው ነው። ሁለተኛው የሻጩ ነው፦ «እሳት የለውም፤ አያቃጥልም፤ ልጅ ቢነካው እንኳ ምንም አይሆንም»። የመጀመሪያው ያስፈራል፣ ሁለተኛው ያዘናጋል። ሁለቱን አፋጥጦ ለሚያይ ሰው ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም የምድጃውን አደጋ የሚፈልጉት መስታወቱ ላይ ነው። አንዱ አገኘሁት ይላል፣ ሌላው የለም ይላል። የምሞግተው ይህን የጋራ እምነት ነው። በኢንዳክሽን ምድጃ በቅድሚያ የሚያሰጋው ከቆጣሪው እስከ ሶኬቱ የተዘረጋው ሽቦ ነው፤ ቀጥሎ የሚጣደው ዕቃ ነው። መግነጢሳዊ መስኩ፣ ከጥቂት ሰዎች በቀር፣ መጨረሻ ላይ የሚነሳ ጉዳይ ነው።

ብዙ የተወራበት መስኩ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ከመስታወቱ ሥር የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። ከመስመር የሚመጣው 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ምድጃው ውስጥ ወደ 20 ሺህ ኸርዝና ከዚያም በላይ ይቀየርና በዚህ ጥቅል ሽቦ ያልፋል። በዚያ ፍጥነት የሚለዋወጠው መግነጢሳዊ መስክ በድስቱ መቀመጫ ብረት ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል፤ ብረቱም ኤሌክትሪኩን ስለሚቋቋም ራሱ ይግላል። መሠረቱ ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያሳየው ሕግ ነው፤ ጀነሬተርም ትራንስፎርመርም የሚሠሩት በዚሁ ነው። በዚህ ሂደት እንደ ኤክስሬይ አተምን የሚነካ፣ ከሰውነት ሴል ውስጥ ኤሌክትሮን መንጥቆ የሚያወጣ ጉልበት የለም። ምግቡም የሚበስለው በጋለ ብረት ነው። በከሰል ላይ የተጣደ ወጥና በኢንዳክሽን ላይ የተጣደ ወጥ ከታች የሚያገኛቸው ያው ሙቀት ነው፤ «ምግቡን ይመርዛል» የሚለው አባባል መነሻ እንኳ የለውም።

ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ጠንከር ያለ ማስረጃ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2002 እና በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ምደባዎች ናቸው። ኤጀንሲው በመጀመሪያው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን መግነጢሳዊ መስኮች፣ በሁለተኛው የሬዲዮ ሞገዶችን «ካንሰር ሊያስከትሉ ይችሉ ይሆናል» ከሚባለው ምድብ አስገብቷቸዋል። ምደባዎቹ ግን በምን ላይ እንደቆሙ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በአብዛኛው በመኖሪያ አካባቢያቸው ከፍ ላለ የመስመር ኤሌክትሪክ መስክ በተጋለጡ ሕፃናት ላይ፣ ሁለተኛው በሞባይል ስልክ ተጠቃሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ተመርኩዟል። ከሁለቱ አንዱም በኢንዳክሽን ምድጃ ጥናት ላይ አልቆመም። ማስረጃውን ከወጣበት ቦታ ነቅሎ ወጥ ቤት ውስጥ መትከል ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ሙግት ግን አይሆንም።

ሆኖም ለተቃዋሚዎቹ የምተወው ነገር አለ። አዮን የማይፈጥር ጨረርን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ2010 እ.ኤ.አ. መመሪያው ለዚህ ድግግሞሽ ለጠቅላላው ሕዝብ ያስቀመጠው የማጣቀሻ ልክ 27 ማይክሮቴስላ ነው። ምድጃዎች በመደበኛው ፍተሻ የሚለኩት ግን ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ተቆሞ ነው፤ ድስቱም ተስማሚ ሆኖ መሐል ላይ ሲቀመጥ። በየቤታችን እንዲህ አይደለም። ትንሽ ድስት በትልቁ የማብሰያ ክብ ዳር ይጣዳል፤ የምታበስለውም ሴት ሆዷን ጠርዙ ላይ አስደግፋ ትቆማለች። በዚህ ጊዜ መስኩ ከፍ ይላል። የስዊዘርላንድ የጤና ባለሥልጣን ለዚህ የሰጠው ምክር ቀላል ነው፦ ድስቱ ክቡን ይሸፍን፣ መሐል ይቀመጥ፣ ሰውነት ከምድጃው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ በብረት ማንኪያ አይማሰል። የመጨረሻው ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የእንጨት ማማሰያ ድሮም በየቤቱ አለ። በእርግጥ መጠንቀቅ ያለበት የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ነው። የብሪታንያ የልብ ፋውንዴሽን እንዲህ ያለው ሰው በመሣሪያውና በምድጃው መካከል 60 ሳንቲ ሜትር እንዲጠብቅ ይመክራል።

ይህ ፍርሃት በከንቱ የሚያስከፍለን ዋጋም አለ። «ጨረር» ተብሎ የተገፋው ምድጃ ቦታውን የሚለቀው ብዙ ጊዜ ለከሰል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስና ብክለት ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። በዝግ ክፍል የተቀመጠ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። እርጉዝ ሴትን ከኢንዳክሽን አርቆ ከከሰል ማንደጃ አጠገብ ማስቀመጥ እሷን መጠበቅ አይደለም።

አሁን ወደ ግድግዳው። በአንድ ክብ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ኢንዳክሽን ብዙ ጊዜ 2000 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል። ባለሁለቱ 3500 ዋት ከደረሰ 16 አምፔር ይሆናል። ባለአራት ክቡ፣ ከሥሩ ኦቭን ያለው ትልቁ ምድጃ ሁሉም ሲከፈት ከ7000 ዋት ያልፋል፤ ይህም ከ32 አምፔር የማያንስ ነው። ቁጥሮቹን ከቤታችን ሽቦ ጋር እናስተያያቸው። ለመብራት የሚዘረጋው ሽቦ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ነው፤ ለትልቁ ምድጃ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ፣ ከማከፋፈያው ተነስቶ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። በስንቱ ኪራይ ቤት ይህ አለ? አከራይ የሠራው አንድ ሶኬት፣ በላዩ ባለአምስት ቀዳዳ ማራዘሚያ፣ በማራዘሚያው ላይ ፍሪጅ፣ ምድጃና የውኃ ማፍያ፤ የብዙ ወጥ ቤት መልክ ይህ ነው።

አደጋው በብዛት የሚጀምረው ሽቦው መሐል አይደለም፤ መገጣጠሚያው ላይ ነው። የላላ ብሎን፣ የዛገ የሶኬት ከንፈር፣ በቴፕ የተጠቀለለ ቅጥያ፣ ሁሉም ለኤሌክትሪክ ጠባብ መተላለፊያ ናቸው። በጠባቡ ቦታ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ጋር በካሬ ያድጋል፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቴሌቪዥንና ሞባይል ቻርጀር ለዓመታት ችሎ የኖረ ሶኬት 9 አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲሳብበት ሊቀልጥ የሚችለው ለዚህ ነው። ጠቆር ያለ ቀዳዳ፣ የፕላስቲክ ሽታ፣ ሲነቀል እጅ የሚፈጅ ሹካ፣ እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው፤ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ «ይሠራል እኮ» ብሎ ያልፋቸዋል። ከዚህ የሚብሰው ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ ብሬከር መቀየሩ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። የ16 አምፔሩን አውጥቶ የ32 ማስገባት ዘቡን አባሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው፤ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ማንም አያስቆመውም።

እዚህ ላይ የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ፦ «የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚህ የበለጠ ይስባል፤ ስንት ዘመን ጋገርንበት፣ ቤታችን አልተቃጠለም።» ምጣድ ብዙ እንደሚስብ እውነት ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት እንጀራ የሚጋገረው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ ምድጃው ግን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይሠራል። ደግሞም ኢንዳክሽኑ ምጣዱን ተክቶ አልገባም፤ ተጨመረበት እንጂ። 3500 ዋት ምጣድና 2000 ዋት ምድጃ በአንድ መስመር አብረው ሲበሩ ጭነቱ 25 አምፔር ይሆናል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ወጥ የሚሠራውም ያው ቀን ነው። ስለዚህ ምጣድና ምድጃ በአንድ መስመር አብረው አይከፈቱ፤ ምድጃው ግድግዳ ላይ ባለ ጠንካራ ሶኬት ይሰካ፤ የመሬት ሽቦውም እውነተኛ ይሁን። የሹካውን የመሬት ጫፍ ቆርጦ ወይም ያለ መሬት በሚሠራ አስማሚ መጠቀም፣ ውኃ ሲገባበት የምድጃው የብረት ክፍል ኤሌክትሪክ ይዞ እጅ እስኪነካው እንዲጠብቅ መፍቀድ ነው።

በመብራት መቆራረጥ ረገድ ግን ኢንዳክሽን የሚነቅፉት ሰዎች የማይነግሩን ብልጫ አለው። ባለጥምዝ ሽቦው አሮጌ ምድጃ በርቶ ሳለ መብራት ቢጠፋና ባለቤቱ ረስቶ ቢወጣ፣ መብራቱ ሲመለስ ባዶ ቤት ውስጥ ራሱ ይግላል። በንክኪ የሚሠሩት አብዛኞቹ ኢንዳክሽኖች ግን መብራት ሲመለስ ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ሰው ካልነካቸው አይነሱም። ቢሆንም መብራት ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ መዋዠቅ የውስጥ ሰርኪዩቱን ሊያቃጥለው ስለሚችል መብራት እንደጠፋ መንቀል ብልህነት ነው።

ሻጩ «አያቃጥልም» ያለውን ደግሞ ዘይት ይመልስለት። ኢንዳክሽን ፈጣን የሆነው ሙቀቱ ድስቱ ውስጥ ስለሚወለድ ነው፤ የአሜሪካው ኢነርጂ ስታር መርሐ ግብር ከጋዝ ምድጃ ሦስት እጥፍ ያህል ቆጣቢ መሆኑን ይገልጻል። ይኸው ፍጥነት ስስ መጥበሻ ባዶውን ወይም ጥቂት ዘይት ይዞ በከፍተኛው ሲቀመጥ አደገኛ ይሆናል። ምድጃው ሙቀት የሚለካበት መሣሪያ ከመስታወቱ ሥር ነው፤ የድስቱን ግለት የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ጎድጎድ ያለ ወይም የተጣመመ መቀመጫ ያለው መጥበሻ ከሆነማ ይበልጥ ይዘገያል። ዘይት መጀመሪያ ይጨሳል፤ ከዚያ አልፎ ወደ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ያለ ክብሪት በራሱ ይነዳል። የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) በተደጋጋሚ እንዳሳየው በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚጠቀሙ ቤቶች ጋዝ ከሚጠቀሙት ይበልጥ የማብሰያ ቃጠሎ ያጋጥማቸዋል። አኃዙ ኢንዳክሽንን ከሌሎች የኤሌክትሪክ ምድጃዎች ስለማይለይ በኢንዳክሽን ላይ እንደ ፍርድ አልጠቅሰውም። «ነበልባል ከሌለ ቃጠሎ የለም» ለሚለው ግን በቂ መልስ ነው። ዘይት ከነደደ ምድጃው ይጠፋል፣ ክዳን ይደፋበታል፣ ድስቱ ከቦታው አይነሳም፤ ውኃ ፈጽሞ አይነካውም።

ሽንኩርት ያለ ዘይት ለሚያቁላላ ወጥ ቤት ይህ ፍጥነት ሌላ ጣጣ አለው። በከሰል የለመደ እጅ እሳቱን የሚያበርደው ከሰል በመቀነስ ነበር፤ እዚህ በመካከለኛ መጀመርና መቀመጫው ወፍራም የሆነ ድስት መምረጥ ግድ ይላል። በየቤታችን የሞላው ድስት ግን አሉሚኒየም ነው፤ ማግኔት አይዘውም፣ ምድጃውም አያውቀውም። ስለዚህ ሰው ከመርካቶ የብረት ሰሐን ገዝቶ ድስቱን በላዩ ያስቀምጣል። ጀበናም እንዲሁ፦ ሸክላ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና ሰሐን ይደረግለታል። ይህን አልደግፍም። ሙቀቱ ሰሐኑ ውስጥ ታፍኖ ወደ ድስቱ ሳያልፍ መስታወቱንና ጥቅል ሽቦውን ይጋግራል፤ የምድጃው ዋና ብልጫ የነበረው ቁጠባም ይጠፋል። ማግኔት የሚይዘው ድስት መግዛት ከሰሐኑ ይሻላል። ለቡና መቀመጫው ብረት የሆነ ጀበና ይፈለግ፤ ሸክላው የግድ ከሆነ ከሰሉ ወደ በረንዳ ይውጣ። ኢናሜል ድስትም ውኃው አልቆ እስኪደርቅ አይተው፤ ሽፋኑ ቀልጦ መስታወቱ ላይ ሊጣበቅ ይችላል።

መስታወቱን በተመለከተ ሻጩ ግማሽ እውነት ተናግሯል። መስታወቱ ራሱ ሙቀት አይፈጥርም እንጂ ከድስቱ ይቀበላል፤ የፈላ ዘይት ከተነሳበት በኋላ የልጅ እጅ ለማቃጠል ይበቃዋል። ብዙ ምድጃዎች ሙቀቱ እስኪወርድ «ኤች» የሚል ምልክት የሚያሳዩት ለዚህ ነው። ማራገቢያው ድምፁን እስኪያቆም አይነቀልም፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳም ከግድግዳ ይራቅ፣ በረሮም ቤት አያድርገው። ለጽዳት እርጥብ ጨርቅና ጥቂት ሳሙና ይበቃል፤ ሽቦና አሸዋ አይነካውም። የቀለጠ ስኳር ግን ሳይቀዘቅዝ በመፋቂያ ይነሳ፤ ከቀዘቀዘ መስታወቱን ሊልጠው ይችላል። መስታወቱ ከተሰነጠቀ ምድጃው አበቃ። ቁልፉን ማጥፋት አይበቃም፤ ሶኬቱ ይነቀል ወይም ብሬከሩ ይውረድ፤ በስንጥቁ የሚወርድ መረቅ ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ ይደርሳልና።

የምድጃ ሻጮችም ሆኑ ስለ ጨረር የሚያስተምሩ ሁሉ ምክራቸውን ከመስታወቱ ወደ ሶኬቱ ቢያዞሩት እወዳለሁ። አንባቢም ምድጃ ለመግዛት ካሰቡ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ጠርተው የወጥ ቤቱን ሽቦ፣ ብሬከርና የመሬት መስመር ያስፈትሹ።