ፊቱን ሳይሆን ሂሳባችሁን እዩ

«ውሸታምን ከዓይኑ አውቀዋለሁ» የምትሉ የሞያሌ ነጋዴዎች፣ እባካችሁ ተዉን! ቦንድና ዴፓውሎ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ከ200 በላይ ጥናቶችን አሰባስበው ሲያዩ፣ ሰዎች ውሸትን ከእውነት በትክክል የለዩት በአማካይ ከመቶ 54 ጊዜ ብቻ ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት በምን ይሻላል? ዓይኑን የሰበረ ሁሉ ውሸታም ከሆነማ፣ በታላቅ ፊት አንገቱን የሚደፋ ልጃችን ሁሉ አጭበርባሪ ነው! ዋሾው እንደሆነ ይህን እምነታችሁን ያውቃል፤ አፍጥጦ ያያችኋል። ደግሞ ሁሉም ለክፋት አይዋሽም፤ አንዱ ዕዳ አጣብቆት፣ ሌላው «የለኝም» ማለት አፍሮ «ነገ እልካለሁ» ይላል። ይሄ ፊት ላይ አይነበብም። ገዢው «ላኩልህ» ብሎ የኤምፔሳ መልእክት ከስልኩ ሲያሳያችሁ፣ የራሳችሁን ቀሪ ሂሳብ ክፈቱ። ብሩም ሆነ ሽልንጉ ካልገባ ፍየሉ መኪና ላይ አይጫን። «አታምነኝም ወይ?» ብሎ ከተቆጣም ይቆጣ።