ለፈረስ ማልቀስ

«ዋር ሆርስ» የተባለው ቴአትር ከተመልካቹ የሚደብቀው ነገር የለም። ፈረሱ ከሸምበቆና ከጨርቅ የተሠራ አሻንጉሊት ነው። ሦስት ሰዎች ያንቀሳቅሱታል፤ አንዱ ከውጭ ሆኖ ጭንቅላቱን ይይዛል፣ ሁለቱ ከሆዱ ሥር ገብተው እግሮቹን ያራምዳሉ። ሰዎቹ በግልጽ ይታያሉ። ደረቱ ከፍ ዝቅ እያለ መተንፈስ ሲጀምር ግን ይረሳሉ። እኔ ባየሁበት ምሽት ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት መነጽራቸውን እያወለቁ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

ቴአትሩ ከማይክል ሞርፑርጎ መጽሐፍ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ ቴአትር ለመድረክ በቃ። አሻንጉሊቶቹን የሠራው ሃንድስፕሪንግ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ቡድን ነው። ጆይ የተባለው ፈረስ በእንግሊዝ ገጠር ካሳደገው ልጅ ተነጥሎ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ይሸጣል። መጀመሪያ እንግሊዞችን፣ ኋላ ደግሞ ጀርመኖችን ያገለግላል። በሁለቱ ምሽጎች መካከል እሾሃማ ሽቦ ሲጠልፈው ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ወታደር ወጥቶ አብረው ያስለቅቁታል። ማን ይውሰደው የሚለውን በሳንቲም ዕጣ ይለያሉ።

«በዚያ ጦርነት ሚሊዮኖች አልቀው ለፈረስ ይለቀሳል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ምክንያቱ ይገባኛል። ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው «ከየትኛው ወገን ነው?» ብለን ነው። እንደ መልሱ እናዝናለን፣ ዝም እንላለን፣ ወይም እንደሰታለን። ፈረሱ ወገን ስለሌለው ሐዘኑ ከጥያቄው ቀድሞ ይደርሳል።

እኛም የፈረስ አገር ነን። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ያልናቸው በፈረሳቸው ስም ነው። ስሙ የጌታው ክብር ሆኖ ቀረ፤ ፈረሱ የት እንደወደቀ ግን የሚጠይቅ የለም። በቅርቡ ጦርነቶቻችንም በሬው የታረደበት ገበሬ፣ የትም ወገን ይሁን፣ መሬቱ ጦም አድሯል።

ስለዚህ ጸሐፌ ተውኔቶቻችን አንድ የእርሻ በሬ ከአንዱ ጦር ወደ ሌላው ሲነዳ የሚያሳይ ቴአትር ቢሞክሩ እላለሁ። የምናፍርባቸውን ብዙ ነገሮች ሳንጣላ ልናይበት እንችላለን።

እስከዚያው፣ ቀጣዩን የሞት ዜና ስታነቡ የሟቹን ብሔር ከመፈለጋችሁ በፊት «ነፍስ ይማር» በሉ።