የባልትና ገጽ፦ የእጅ ልክና የብርጭቆ ልክ

በአገራችን አንዲት ሴት ጥሩ ወጥ ስትሠራ «እጇ ይጣፍጣል» ትባላለች። ምስጋናው ያማረ ነው፤ ነገር ግን አንድ የሚያሠጋ ነገር አለበት። ጣዕሙ የእጅ ስጦታ ብቻ ከሆነ እጅ አይወረስምና እናት ስታልፍ ወጧም አብሮ ማለፉ ነው። ወይዘሮዋን ከምድጃው አጠገብ ቆመን ብንመለከታት ግን እጇ የሚያውቀው ሦስት ነገር ሆኖ እናገኘዋለን፤ ይኸውም ልክ፥ እሳትና ተራ ነው። ልኩ ይሰፈራል፤ እሳቱ ይነገራል፤ ተራውም ይጻፋል። ዛሬ ይህንኑ በሽሮ ወጥ ላይ እናሳያለን።

ሽሮን ስለ ምን መረጥን? የድኃ ምግብ ነው እያሉ የሚንቁት ሰዎች አይጠፉም፤ ዳሩ ግን ባለጸጋውም ሆነ ድኃው በጾም ቀን የሚጠጋው ወደ እርሱ ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ግን ከቤት ርቀው የሚማሩ ልጆች ናቸው። በየከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚማሩት መካከል ወላጆቻቸው በገጠር ሆነው፥ እነርሱ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ብዙ አሉ። ቅዳሜ ወደ አገራቸው ይሄዱና እሑድ ሲመለሱ ስንቃቸውን ይሸከማሉ፤ እንጀራ፥ ድርቆሽ፥ በሶ፥ ሽሮና በርበሬ። እናት ሽሮውን አስፈጭታ ቋጥራ ትሰጣለች፤ የአሠራሩን ልክ ግን ቋጥራ ልትሰጠው አልቻለችም። ልጁም ማታ ዱቄቱን ከፈላ ውኃ ላይ ይገለብጠዋል፤ ይጓጉልበታል፤ ውስጡ ጥሬ እንደ ሆነ ይበላውና ሆዱን ሲነፋው ያድራል፤ አለዚያም ሽሮውን ትቶ ደረቅ እንጀራ ቆርጥሞ ይተኛል። በማግሥቱ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዓይኑ የሚከደነው ትምህርቱ ስለ ከበደው ብቻ እንዳልሆነ መምህራን ሁሉ እናውቃለን።

ሽሮ በእንጀራ ሲበላ የተሟላ ምግብ ለመሆን የቀረበ ነው። ጤፍም ሆነ ሌላው የብርዕ እህል ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ግን በላይሲን የበለጸገ ነው። ጥራጥሬውም በበኩሉ የሚጎድለውን ከእህሉ ያገኛል። ሊቃውንቱ ይህን መርምረው ከመናገራቸው በፊት እናቶቻችን ሁለቱን በአንድ መሶብ አጋብተዋቸው ነበር።

ስለ ዱቄቱ

ሽሮ ከሽምብራ፥ ከአተር፥ ከባቄላ፥ ወይም ከእነዚሁ ድብልቅ ይዘጋጃል። ጥራጥሬው ተለቅሞ በለዘበ እሳት ይታመሳል፤ ይከካል፤ ገለባው ይበጠራል፤ ከዚያ በኋላ ይፈጫል። በርበሬ ያልገባበት ነጭ ሽሮ ይባላል። ምጥን ሽሮ የሚባለው ግን በርበሬ፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ዝንጅብል፥ ኮረሪማ፥ በሶብላና አዝሙድ ከክኩ ጋር ተመጥኖ፥ በፀሐይ ደርቆ፥ አብሮ የተፈጨ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ወጥ መጀመር አይገባም፤ ምጥኑ ላይ እንደገና በርበሬ የጨመረ ሰው ወጡ ያቃጥለዋልና።

ዱቄቱን ከገበያ የሚገዛ ሰው ከምን እንደ ተፈጨ ይጠይቅ። ጓያ በርካሽ ስለሚገኝ ለሽሮ የሚፈጭበት ጊዜ አለ፤ ጓያን ለወራት ዋና ምግብ አድርጎ መብላት ደግሞ እግርን እንደሚያሽመደምድ በሕክምና የታወቀ ነው። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ጥራጥሬውን በጥሬው ገዝቶ፥ ለቅሞ ማስፈጨት ይሻላል።

ለ4 ሰው የሚበቃ ልክ

ብርጭቆ ስንል ሩብ ሊትር የሚይዘውን የውኃ ብርጭቆ፥ ማንኪያ ስንልም የሾርባ ማንኪያ ማለታችን ነው።

ሽሮ፦ 1 ብርጭቆ
ውኃ፦ 4 ብርጭቆ
ቀይ ሽንኩርት፦ 2 መካከለኛ ራስ
ዘይት፦ 4 ማንኪያ
በርበሬ፦ 1 ማንኪያ (ሽሮው ምጥን ከሆነ ይቀራል)
ነጭ ሽንኩርት፦ 3 ፍልቃቂ
ቃሪያ፦ 1
ጨው፦ እየተቀመሰ

1ኛ፤ ቀይ ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍና ያለ ዘይት፥ በመካከለኛ እሳት፥ 10 ደቂቃ ያህል ይቁላላ። ድስቱን ሲይዝ ትንሽ ትንሽ ውኃ ጠብ ይደረግበታል። ሽንኩርቱ ሳይለሰልስ ዘይት የገባበት እንደ ሆነ ይጠበሳል እንጂ አይሟሟም፤ ወጡም ሽንኩርቱ ለብቻው፥ ውኃው ለብቻው ይሆናል።

2ኛ፤ ዘይቱ ይጨመርና ሲግል እሳቱ ይቀነሳል፤ በርበሬውም ይገባል። ውኃ ጠብ እየተደረገ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቁላላ። በርበሬ ኃይለኛ እሳት ካገኘው አርሮ ይመራል፤ የመረረውንም በኋላ የሚያስተካክለው ነገር የለም። ከዚህ በኋላ የተወቀጠው ነጭ ሽንኩርት ይጨመራል።

3ኛ፤ ውኃው ይጨመርና እስኪፈላ ይጠበቃል። ሲፈላ በአንድ እጅ ዱቄቱን ከላይ እየነሰነሱ፥ በሌላው እጅ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው። ለጀማሪ ግን ከዚህ የሚቀል መንገድ አለ፤ ከ4ቱ ብርጭቆ ውኃ አንዱን ሳያፈሉ ያስቀሩና ዱቄቱን በዚያ በቀዝቃዛው ይበጥብጡት፤ ከዚያም በፈላው ቁሌት ላይ እያማሰሉ ያፍስሱት። እንዲህ የተደረገ ሽሮ አይጓጉልም።

4ኛ፤ እሳቱ በጣም ይቀነስና ድስቱ ገርበብ ተደርጎ ይከደናል፤ ሽሮ ሲንተከተክ ይፈናጠራልና። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ድረስ ከሥሩ እየተማሰለ ይቆያል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ወጡ ገና በ5 ደቂቃ ስለሚወፍር የበሰለ ይመስላል። መብሰሉ የሚታወቀው ግን በውፍረቱ አይደለም፤ የጥሬ ዱቄቱ ሽታ ሲጠፋና ዘይቱ በድስቱ ጠርዝ ብቅ ሲል ነው። በመጨረሻ ጨውና ቃሪያ ይጨመርና ይወርዳል። በፍስክ ቀን 1 ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ቢጨመርበት ይበልጥ ያምርበታል።

ይህን ልክ የያዘ ሰው ሌላውን ከዚሁ ያወጣል። ወፍራሙን ተጋቢኖ ለሚወድ ውኃው 3 ብርጭቆ ይሁንና በሸክላ ድስት እንደ ተንተከተከ ይቅረብ። ቦዘና ለሚፈልግ ደቅቆ የተከተፈ ሥጋ ወይም ቋንጣ ከቁሌቱ ጋር አስቀድሞ ይብሰል። ብቻውን ለሚኖር ተማሪ ደግሞ ሁሉም በሩብ ይሁንለት፤ ሩብ ብርጭቆ ሽሮ ለ1 ብርጭቆ ውኃ ማለት ነው። ትንሽ ወጥ ውኃው ቶሎ ስለሚተን በመካከሉ ጥቂት ውኃ ሊፈልግ ይችላል።

በከሰል የሚሠሩ ልጆች አንድ ነገር አጥብቀው ይያዙ፤ ከሰል በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይነድድም። ሽታ የሌለው ጢሱ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ምድጃው ደጅ ይውጣ፤ ወጡ ከደረሰ በኋላም ክፍሉን ያሞቃል ተብሎ ወደ ውስጥ አይግባ።

ለጧት፦ የድርቆሽ ፍርፍር

ከማታ የተረፈው ሽሮ ለቁርስ ይሆናል። አንድ ጭልፋ ሽሮ በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ቀጥኖ ይፍላ። ከእሳት ከወረደ በኋላ 1 ብርጭቆ ተኩል የተሰባበረ ድርቆሽ ይጨመርና አንድ ጊዜ ተገላብጦ ለ3 ደቂቃ ይከደን። ድርቆሹ ወጡን ይጠጣና ሳይላቁጥ ይለሰልሳል። በብርድ ጧት ይህን በልቶ የወጣ ልጅ እስከ ምሳ ሰዓት ይጸናል።

ወንድ ልጅ ማማሰያ ሲይዝ ማየት የሚያሳፍራቸው ወላጆች ገና አሉ። ነገር ግን በዚያች የኪራይ ክፍል ውስጥ ወጥ የሚሠራለት ሌላ ሰው የለም፤ ወይ ይሠራል፥ ወይ ይራባል። ሴት ልጅም ብትሆን ዛሬ ቀኑን በትምህርት ቤት ስለምትውል እንደ እናቷ ከምድጃ አጠገብ አላደገችም፤ መማሯም የሚያስደስት ነገር ነው። እንግዲህ ሁለቱም ቆመው በማየት ያላገኙትን ጽፈው ሊያገኙት ይገባል።

ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ ልጅዎ ስንቁን ሊወስድ ሲመጣ፥ እመቤቴ፥ በእፍኝ የሚያፍሱትን ዱቄት ወደ ድስቱ ሳይጨምሩ አስቀድመው በብርጭቆ ይስፈሩት። «ትንሽ ቆይ» የሚሉትን ጊዜ በሰዓት ይዩት፤ «እሳቱን ቀነስ አድርግ» የሚሉበትንም ምክንያት ይንገሩት። ማንበብና መጻፍ ባይሆንልዎ እርሱ ይጻፍ፤ ደብተርና እርሳስ አለው። እኛ የሰጠነው ልክ መነሻ ነው፤ የእርስዎ ግማሽ ማንኪያ ይበዛ ወይም ያንስ ይሆናል። ለልጅዎ የቤቱን ጣዕም የሚሰጠውም ያ ግማሽ ማንኪያ ነውና እርሱ ይጻፍ።

ከየአገሩ ያላችሁ አንባብያንም የሽሮአችሁን ልክ እየሰፈራችሁ ብትልኩልን በዚሁ ገጽ እያወጣን ለሌላው እናካፍላለን።