መብራቱ በራ፤ ፍሬኑስ?

ሰው የ30 ዓመት መኪና ጣሪያ ላይ ሁለት ረድፍ መብራት ደርድሮ፣ “የፍሬን ዘይትህን መቼ ቀየርክ?” ሲባል “እሱን መካኒኬ ነው የሚያውቀው” ካለ፣ ያ ሰው መኪና የለውም። መኪናው የመካኒኩ ነው። የእሱ መብራቱ ብቻ ነው።

በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ደመወዙ ትንሽ ቀና ሲል አሮጌ ላንድክሩዘር የገዛ ሰው ዙሪያዬን ሞልቷል። እኔም ከወንድሜ ጋር አንድ አለኝ፦ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1994 ሃርድቶፕ፣ ከአንድ ዕርዳታ ድርጅት ጨረታ የወጣ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮድ እጽፋለሁ፤ ቅዳሜ ከመኪናው ሥር ነኝ። እና የማየው ነገር ያናድደኛል። መኪናው በተገዛ በወሩ ሰፊ ጎማ ይገባለታል፣ ከፍ የሚያደርግ ሞላ ይታሰርለታል፣ የፊት ብረት ይበየድለታል፣ ፎቶ ይነሣል። ኮፈኑ ግን አይከፈትም። ከተከፈተም ለፎቶ ነው።

አቋሜ አጭር ነው። አሮጌ መኪና መጀመሪያ ይጠገናል፣ ከዚያ ይሻሻላል። የዘወትሩን ጥገና ደግሞ ባለቤቱ በገዛ ግቢው፣ በገዛ እጁ መሥራት አለበት። ይችላል አላልኩም፤ አለበት ነው ያልኩት።

መኪናው ራሱ ይህን ይጋብዛል። ላንድክሩዘር 70 በ1984 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የተሠራው ከትልቅ ጋራዥ ርቆ እንዲኖር ነው። አገራችን ውስጥ በብዛት የምናየው 1ኤች ዜድ የሚባለው ሞተር ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው። ቱርቦ የለውም። ነዳጅ የሚረጨው ፖምፓ በሜካኒካል መንገድ የሚሠራ ስለሆነ ኮምፒውተር አይጠይቅም። ስህተቱን ለማወቅ ላፕቶፕ አይሰካም፤ ጆሮ፣ አፍንጫና አንድ ሳጥን መፍቻ ይበቃል። ዛሬ በስልካችሁ ውስጥ ካለው ባትሪ ይልቅ የዚህ መኪና ሞተር ለባለቤቱ ክፍት ነው። እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች “ኮዱ ክፍት ይሁን፣ ተጠቃሚው ያየዋል፣ ያርመዋል” እያልን ስንሟገት እንውላለን። ግቢያችን ውስጥ የቆመውን ክፍት ነገር ግን ለመንካት እንፈራለን። ይሄ ምን ይባላል?

ከፍሬን ልጀምር፤ ቀልድ የማያውቀው እሱ ነውና። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። አሁን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ውረዱ። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። መኪናው ከነጭነቱ ሁለት ቶን ተኩል አልፏል፤ አሽከርካሪው በከፍተኛ ማርሽ ፍሬን ላይ ቆሟል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ይቀጥላል። ያኔ ጣሪያ ላይ ያለው መብራት የሚያደርግላችሁ ነገር ቢኖር ገደሉን በደንብ ማሳየት ነው።

ይህን ዘይት በየሁለት ዓመቱ መቀየር የሁለት ሰው የከሰዓት ሥራ ነው። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ማስተንፈሻ ቡሎን ይፈታል፣ ይዘጋል። ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ፣ የአየር አረፋ እስኪጠፋ ይደገማል። ላይ ያለው ዕቃ እንዳይደርቅ እየተሞላ። በቃ። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ፍሉይድ ሜካኒክስ ካለፋችሁ ይሄ አያቅታችሁም።

አሁን ወደ “ማሻሻያዎቹ” እንምጣ፤ ሒሳብ አብረን እንሥራ።

ጎማ፦ ቁመቱ 80 ሳንቲሜትር ገደማ የነበረውን አውጥታችሁ 89 ሳንቲሜትሩን (ባለ 35 ኢንቹን) ስታስገቡ ከአሥር በመቶ በላይ አሳደጋችሁት። ጎማው በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት በዚያው ልክ ረዘመ። ስለዚህ ሰዓቱ 80 ሲላችሁ እናንተ 89 ላይ ናችሁ። ፍሬኑ መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጉልበትም በዚያው ልክ ቀነሰ። ማርሹ ከበደ፤ ለዳገት የተሠራው መኪና ዳገት ጠላ። በአንድ ጊዜ ፍጥነታችሁን ሳታውቁት ጨመራችሁ፣ ማቆሚያችሁን ቀነሳችሁ። መኪናውን ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ የክብደቱ ማዕከል አብሮ ወጣ፤ ጠባቡና ረጅሙ ሃርድቶፕ መጀመሪያውንም መታጠፊያ ላይ የሚታመን አልነበረም።

መብራት፦ 120 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል 10 አምፒር ነው። ሁለት ከሆነ 20። ያለ ፊውዝና ያለ ሪሌ ከባትሪ በቀጥታ በቀጭን ሽቦ የተሳበ መብራት አይቻለሁ፤ ሽቦው የብረት ጠርዝ ላይ ተጋድሞ። ሽፋኑ ተልጦ ብረቱን የነካ ቀን ሽቦው ምድጃ ይሆናል። የዚህ መድኃኒቱ አንዲት ፊውዝ ናት።

ቱርቦ፦ ለቱርቦ ያልተሠራን ሞተር ቱርቦ ማልበስ ይቻላል፤ ሰዎች አድርገውታል። ግን 1ኤች ዜድ ነዳጁን የሚያነድደው በቅድመ ማቃጠያ ክፍል ስለሆነ ሙቀት አይወድም። የጭሱን ሙቀት የሚለካ ጌጅ ሳይገጥሙ ጉልበት መጨመር ፒስተን ለማቅለጥ ቀጠሮ መያዝ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። “መኪናዬ ጉልበት የለውም፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል” የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የጎደለው አየር ነው። ቱርቦ ከማሰቡ በፊት የአየር ፊልትሮውን ያውጣና ፀሐይ ላይ ይያት።

እውነተኛው ማሻሻያ ፎቶ ላይ አይወጣም። ዲፍረንሻሉ መተንፈሻ አለው፤ ሞቆ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዝና ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ በጎማ ማኅተሞቹ በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ ወተት ይመስላል፣ ጥርሶቹ ይበላሉ። ጥቂት ሜትር የላስቲክ ቱቦ ገዝታችሁ መተንፈሻውን ወደ ላይ፣ ወደ ሞተሩ ክፍል ብታወጡት ይሄ ችግር የለም። የራዲያተር ክዳንም እንዲሁ። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተራችሁ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ጎማ የደረቀበት ሰው ሞተሩን የሚጠብቀው በጸሎት ነው። የሞተሩ ቺንጊያም በየ100,000 ኪሎሜትሩ ይቀየር፤ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ መኪና ከገዛችሁ ዛሬ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። በእኛ ሥራ ቋንቋ፣ የተከማቸ ዕዳ ሳይከፍሉ አዲስ ፊቸር መልቀቅ ነው እኮ ነገሩ። ልዩነቱ ሰርቨር ሲወድቅ ሰው አለመሞቱ ነው።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ቀላልና ርካሽ ከሆነ ለምን አንሠራውም? ጊዜ አጥተን ነው? አይመስለኝም። እጃችን በግራሶ መጥቆር የለበትም ብለን ስለምናምን ነው። ጎረቤታችን እትዬ አንድ ቅዳሜ ከመኪናው ሥር ስወጣ አይተውኝ፣ “ልጄ፣ ይህን ሁሉ ተምረህ?” አሉኝ። ከልባቸው አዝነው ነው። እሳቸውን አልወቅስም፤ ይህ ነገር ከእሳቸው ይበልጣል። ብረት የሚሠራውን “ቀጥቃጭ” ብሎ የሚሰድብ፣ አልፎም “ቡዳ” ብሎ የሚሸሽ፣ እሱ በሠራው ማረሻ ግን አርሶ የሚበላ አገር ነው ያሳደገን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ስድቡ ቀነሰ፤ ንቀቱ ዲግሪ ያዘ።

ቋንቋችንም ይመሰክራል። ጋራዥ ውስጥ ያለው ቃል ጣሊያንኛ ነው፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ዳዶ። ይህን ዕውቀት ያሻገሩት በጣሊያን ጊዜና ከዚያም በኋላ በጋራዥ ረዳትነት በጆሮና በእጅ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ መጽሐፍ አልነበራቸውም። እኛ ደግሞ ያንኑ ዕቃ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተማርን። ቢሪንግ ላይ የሚያርፈውን ጭነት በቀመር አስልቼ ፈተና አልፌአለሁ፤ “ኩሽኔታው አልቋል” የሚለውን ድምፅ ግን ማንም አላስተማረኝም። መካኒኩ ድምፁን ያውቃል፣ ቀመሩ አልደረሰውም። እኔ ቀመሩ አለኝ፣ ድምፁን አላውቅም። ሁለታችንም በአንድ መኪና ሥር ካልተጋደምን ይህ ክፍተት በምን ይሞላል?

“የመካኒኩን እንጀራ ልትነጥቅ ነው?” የሚለኝ አይጠፋም። ተገላቢጦሽ ነው። ዘይትና ፊልትሮ መቀየር ጎበዝ መካኒክ የሚኖርበት ሥራ አይደለም። የሚኖረው ማንም በማይችለው ሥራ ነው፦ ፖምፓ በማስተካከል፣ ካምቢዮ በመክፈት፣ ቴስታ በማስወረድ። የሚያውቅ ደንበኛ ደግሞ ጎበዙን ከአጭበርባሪው ይለያል። እኛ “ተቀየረ” ተብሎ የተከፈለበትን የናፍጣ ፊልትሮ ራሳችን ስንፈታው ዕድሜ የጠገበው አሮጌው ተቀምጦ አግኝተነዋል። የየትኛው ጋራዥ ሥራ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ኮፈን የማይከፍት ደንበኛ ባለበት ሁሉ ይደረጋል። ሐቀኛው መካኒክ በዚህ ገበያ ይከስራል። እሱን ማዳን የምንችለው አውቀን ስንከፍለው ነው።

“አደገኛ ነው” ለሚለኝ፦ አዎ፣ ነው። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር አትግቡ፤ መቼም። ከቻሲሱ ሥር ጠንካራ የብረት መቆሚያ አድርጉ፣ ጎማውን በድንጋይ አግዱ፣ ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን ገፍታችሁ ሞክሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬን ስትነኩ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይቁም፤ ከግቢ ሳትወጡ ፔዳሉን ፈትሹ። አሮጌውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉ፤ በጀሪካን ሰብስባችሁ ለሚረከብ ጋራዥ ስጡ። “ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ግቢ የለኝም” ለሚለኝ ደግሞ፦ ግቢ ያለው ጓደኛ አለህ። ለሦስት አንድ ሳጥን መፍቻ ግዙ፣ አንድ ቅዳሜ ተከራዩ። ለአንድ መብራት በሚወጣው ገንዘብ ደህና መፍቻ ይገዛል፤ መፍቻው ደግሞ ከመኪናው በላይ ይኖራል።

ይህን ያህል የምጮኸው ለሦስት ወጣቶች መዝናኛ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ለከተማው የኤሌክትሪክ መኪና መልካም ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። ግን አስፋልቱ ካለቀበት፣ መብራት ካልገባበት ቀበሌ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያወርደው ዛሬም ይኸው አሮጌ ሃርድቶፕ ነው። ያለው መኪና ብዙ ዓመት መኖር አለበት። መለዋወጫው ውድ ነው፣ ሐሰተኛውም ብዙ ነው። ሶማሌ ተራ ገብታችሁ እውነተኛውን ከአስመሳዩ ለመለየት ዕቃውን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ፈትታችሁ ማየት ግድ ነው። እኛ መንዳት የሚችሉ፣ ማንበብ የሚችሉ፣ ገንዘብም ትንሽ ያላቸው ሰዎች ይህን ዕውቀት ካልያዝነው፣ ከዕድሜ ጠገቦቹ መካኒኮች ጋር አብሮ ይቀበራል። እኛ ደግሞ ከፍ ያለ፣ ያማረ፣ የማይቆም ብረት ይዘን እንቀራለን።

ስለዚህ መብራቱን ግዙ፤ አልከለክልም። መጀመሪያ ግን የፍሬን ዘይታችሁን ቀለም ነግራችሁኝ።