የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች

የካልጋሪ አየር እንደ ልማዱ ነው፤ ሰኞ የጣለውን በረዶ ረቡዕ በሺኑክ ነፋስ ያቀልጠዋል፤ ካፖርት ይዞ መውጣትም ጥሎ መውጣትም ያስቆጫል። የዛሬው ጨዋታዬ ግን ስለ አየር ጠባይ ሳይሆን ስለ ሰው ጠባይ፣ ከሁሉ አስቀድሞም ስለ ራሴ ጠባይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በደቡብ ምሥራቅ ካልጋሪ 17ኛው ጎዳና ላይ ካሉት የአበሻ ቤቶች በአንዱ ለአራት ሆነን ቡና እንጠጣለን። ሁላችንም በሱዳን በኩል የመጣን፣ ጸጉራችን እዚሁ የሸበተ ሰዎች ነን። ወሬው ከቤት ኪራይ ተነስቶ፣ በሥራ በኩል አልፎ፣ የካናዳ ጋዜጦች በየጊዜው ወደሚያነሱት ጥያቄ ደረሰ፤ ስደተኛው ከአገሩ ሰው ጋር ተዋህዷል ወይስ የራሱን ሰፈር አጥሮ ተቀምጧል? የሃይማኖት አክራሪነትንስ ማን ነው ያመጣው?

አንደኛው ጓደኛችን ሳይውል ሳያድር መለሰ። «ይኼ ደግሞ ምን ጥያቄ አለው? እነዚህ እስላሞች ናቸዋ! ለእኛም ጭምር ስም ያተረፉልን እነሱ ናቸው» አለ።

አራተኛው ጓደኛችን የደሴ ልጅ ነው፤ ሙስሊም ነው። ስሙን አልጠራም። ሲኒውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና «እኔስ?» አለ።

ጸጥ አልን። ጀበናው ሲንተከተክ ብቻ ይሰማል። ተናጋሪው ደነገጠና «አንተማ የኛው ነህ! አንተን ማለቴ መሰለህ እንዴ?» አለው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህችን መልስ የት እንደምናውቃት ልንገርህ? ሥራ ቦታ አብሮን የሚውል ፈረንጅ ስለ ጥቁር ወይም ስለ መጤ የልቡን ተናግሮ ሲያበቃ፣ ዞር ብሎ ሲያየን የሚወረውርልን መልስ ናት። «አንተ እኮ እንደነሱ አይደለህም» ይለናል። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ ነስታን የምታድረውን መልስ ነው ለወንድማችን ያቀረብንለት።

የደሴው ጓደኛዬ ግን ከተናጋሪው ጋር አልተከራከረም። ወደ እኔ ዞረና «አንተስ ያን ጊዜ የት ነበርክ?» አለኝ። የቱን ጊዜ እንደሆነ ገብቶኛል። እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ የተነሳውን ጥያቄ እንመልከተው።

እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ከዚህ ከካልጋሪ ወደ ሶርያና ወደ ኢራቅ ሄደው አክራሪ ቡድኖችን የተቀላቀሉ ወጣቶች እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። አንዱ በኖቬምበር 2013 ኢራቅ ውስጥ በአጥፍቶ ጠፊነት ሞተ። ሌላው በጃንዋሪ 2014 ሶርያ ውስጥ ተገደለ። ይህ ሁለተኛው ልጅ ግን ስደተኛም የስደተኛ ልጅም አልነበረም። እዚሁ ካናዳ ተወልዶ ያደገ ነጭ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ተስፋ ቆርጦ ሕይወቱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ፤ ከዚያም እስልምናን ተቀበለ። እናቱ እንደነገረችው መጀመሪያ ላይ ሰላም አግኝቶ ነበር፤ በኋላ ነው ሰዎች አግኝተው የወሰዱት። እናቲቱ ኃዘኗን ይዛ ቤቷ አልተቀመጠችም፤ የሌሎች እናቶች ልጆች እንዳይሄዱ አደባባይ ወጥታ መናገር ጀመረች። የካልጋሪ ፖሊስም በ2015 ወጣቶች ወደዚያ መንገድ ሳይገቡ የሚመልስ ፕሮግራም አቋቋመ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፣ አክራሪነት የሚያድነው ብቻውን የቀረውን ልጅ ነው ማለት ነው። ፓስፖርቱን አይቶ፣ የአባቱን አገር ጠይቆ አይደለም የሚመጣው። የእኛም ልጆች ከምድር ቤት ክፍላቸው ዘግተው ሲውሉ «ዝምተኛ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው» ብለን የምናልፍ ወላጆች ብናስብበት ይበጀናል።

አሁን ደግሞ ስለ መቻቻል ላንሳ። በዚሁ በካልጋሪ ይታተም የነበረ «ዌስተርን ስታንዳርድ» የተባለ መጽሔት በፌብሩዋሪ 2006፣ በዴንማርክ ጋዜጣ ወጥተው ዓለምን ያናወጡትን የነቢዩ መሐመድ ካርቱኖች አተመ። ከፓኪስታን መጥተው እዚህ ከተማ የሚኖሩት ኢማም ሰይድ ሶሃርዋርዲ በአልበርታ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ዘንድ ክስ አቀረቡ። አሳታሚው ኤዝራ ሌቫንት በጃንዋሪ 2008 በኮሚሽኑ መርማሪ ፊት ቀርበው፣ መንግሥት የጋዜጠኛን ሐሳብ የመመርመር ሥልጣን የለውም ሲሉ ተከራከሩ። አገሩ ሁሉ በሁለት ጎራ ተከፈለ። በሚቀጥለው ወር ግን ኢማሙ ክሳቸውን በገዛ እጃቸው አነሱ። አብዛኛው ካናዳዊ ጉዳዩን የሚያየው ከንግግር ነጻነት አንጻር መሆኑን፣ ያም መርህ በዚህ ኅብረተሰብ ዘንድ የተከበረ መሆኑን ተረድቻለሁ አሉ።

እኔ ካርቱኑንም ክሱንም አልወደድኳቸውም ነበር። የሰውን እምነት መስደብ ነውር ነው፤ ነውር ሁሉ ግን በመንግሥት አያስጠይቅም። ብዙዎቻችን እኮ የተሰደድነው ለምን ጻፍክ፣ ለምን ተናገርክ ከሚል መንግሥት ሸሽተን ነው። የኢማሙ ነገር ልቤን የነካው ግን በሌላ በኩል ነው። ሰው የተነካበትን ቁስል እያመመውም ቢሆን ዱላውን ሊያስቀምጥ ይችላል። በዚያው በ2008 ኢማሙ ዓመፅን በመቃወም ካናዳን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ የእግር ጉዞ አደረጉ። በኦገስት 2014 ደግሞ አይሲስ በእስልምና ስም የሚፈጽመውን ግፍ በመቃወም ለ48 ሰዓት ጾሙ። በሁሉም ነገር ከእሳቸው ጋር እስማማለሁ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በራሳቸው ወገን ስም የተሠራውን ክፋት ክፋት ብለው ጠርተውታል። እኛስ?

በዚያው ዓመት፣ በጁላይ 2008፣ በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ «በይቱን ኑር» የተባለው ትልቅ መስጊድ ተመረቀ፤ የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐርም ተገኝተው ነበር። መስጊዱን የሠሩት አሕመዲያዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በፓኪስታን በ1974 በወጣ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ «ሙስሊም አይደላችሁም» የተባሉና የሚሳደዱ ናቸው። አክራሪ ይሆናል ብለን የምንጠረጥረው ሰው ራሱ ከአክራሪ ያመለጠ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ልክ እኛ ከአምባገነን አምልጠን መጥተን «እናንተ ጦረኞች» እንደምንባለው።

ስለ ውህደትም ቢሆን ከካናዳ በፊት በአገራችን ያየነው ነገር አለ። በዘውዱ ዘመን የመንግሥት አነጋገር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚል ነበር። «የሚኖሩ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። እንግዳም ይኖራል፣ ተከራይም ይኖራል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ የሙስሊሞችን እኩልነት ሲጠይቅ፣ «እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን» ማለቱ ነበር። በሰልፉ ውስጥ ክርስቲያኖችም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው የሙስሊሞች በዓላት እንደ ሕዝብ በዓል መከበር የጀመሩት።

ዛሬ እኛ ካናዳ ውስጥ «የሚኖሩ» ተብለን ስንጠራ ያንገበግበናል። ዜግነት ወስደን፣ ግብር ከፍለን፣ ልጅ ወልደን፣ አሁንም «ከየት ነህ?» እንባላለን። እ.ኤ.አ. በ1990 ሲኮች በጥምጥማቸው በፌዴራል ፖሊስ ውስጥ እንዲያገለግሉ ሲፈቀድ አልበርታ ውስጥ የተነሳውን ቁጣ አዲስ ገብ ሆነን አይተናል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2010፣ ይኸው ከተማ ወላጆቹ ከታንዛንያ የመጡትን ሙስሊሙን ናሂድ ኔንሺን ከንቲባ አድርጎ መረጠ። ነገር ይለወጣል። የሚለወጠው ግን አንዱ ስለ ሌላው ሲናገር ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። «ያን ጊዜ የት ነበርክ?»

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሼህ ከማል ለጋስ ቀብር ሲፈጸም በተነሳ ጥቃት ከሃያ በላይ ሰዎች ሞቱ። ቀብር ላይ! ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በስልጤ ዞን ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። እኔ የወራቤውን የሰማሁ ዕለት ስልኬን አንስቼ ለአሥር ሰው ደወልኩ፤ «ጉድ ሰማችሁ?» አልኩ፤ ሌሊቱን አልተኛሁም። የጎንደሩን የሰማሁ ዕለት ግን «ነገሩ ይጣራ፣ ወሬ ይበዛበታል» ብዬ ራቴን በልቼ ተኛሁ። የሁለት ቀን ልዩነት ነው። በአንዱ እሳት ነድጄ በሌላው ዳኛ ሆንኩ። ጓደኛዬ ያን ሳምንት ስልኩን እያየ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

በሁለተኛው ሳምንት የእድራችን ስብሰባ ነበር። አንድ አባል ተነስቶ «ከእንግዲህ የክርስቲያኑ ለብቻ፣ የሙስሊሙ ለብቻ ይሁን» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ደጋፊም አላጣ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር፤ «ዝም አይነቅዝም» ብዬ ዝም አልኩ። ያኔ አንዲት የወሎ እናት ብድግ አሉ። «ከልጆቼ ሁለቱ ክርስቲያን፣ ሦስቱ እስላም ናቸው። እኔ ስሞት በየትኛው እድር ነው የምቀበረው? ልጆቼስ ከድንኳን ወዲህና ወዲያ ሆነው ነው የሚያለቅሱልኝ?» አሉ። የመለሰላቸው የለም። ሐሳቡ ለሌላ ቀን ይደር ተባለና ደግሞ ሳይነሳ ቀረ። እድሩ አልተከፈለም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የቀሩ ሰዎች አሉ። እህል ተዘግቶበትም ይነቅዛል፤ ሰውም እንደዚያው መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሕዝባችን ይህን አያውቅበትም እንዳይባል፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሥራቅ ጎጃም ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ ክርስቲያኖች በአገር ውስጥም በውጭም ተነስተው ለማሠሪያ ገንዘብ አዋጥተዋል። ያ ነው የራስን ወገን መገሠጽ ማለት። ከወዲያኛው ወገን ይቅርታ እስኪመጣ አልጠበቁም።

እንግዲህ ሚዛኔ ይህ ነው። የሌላውን አክራሪ ማውገዝ ምንም ወጪ የለውም፤ ጭብጨባም ያስገኛል። ወጪ ያለው በራስ ቤተ ክርስቲያን፣ በራስ መስጊድ፣ በራስ ቡና ጠረጴዛ ላይ «ይኼማ ነውር ነው» ማለት ነው። አንድ ክርስቲያን የክርስቲያኑን፣ አንድ ሙስሊም የሙስሊሙን በቅድሚያ ቢገሥጽ፣ ሰባኪም ሆነ ፖለቲከኛ እኛን ማቃጠያ እንጨት አያደርገንም ነበር።

ሰኞ ማታ ለደሴው ጓደኛዬ ደወልኩለት። «የዚያን ሳምንት መደወል ነበረብኝ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «አውፍ ብያለሁ» አለኝ፤ «እኔም እኮ የወራቤውን ስሰማ አልደወልኩልህም። አንተ ትደውል እንደሁ እያልኩ እጠብቅ ነበር። ግን ይህንን ለእኔ ለብቻዬ በስልክ አትንገረኝ። ሁሉ በሚሰማበት ተናገረው።»

ይኸው ተናገርኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ከዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ያ ወዳጃችን ባለበት እደግመዋለሁ። ቡናው በእኔ ነው።

ቸር ይግጠመን።