ኅብረት ለወንበር ነው ወይስ ለሥራ?

በምርጫ ሰሞን የሚመሠረት ኅብረት ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አንዱ የሚቆመው ወንበር ለመከፋፈል ነው፤ ሌላው የሚቆመው ሥራ ለመሥራት ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ መፈክራቸውን መስማት አይበቃም። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ተባባሪዎች ባልተስማሙበት ጉዳይ በምን መንገድ እንደሚወስኑ ከምርጫው በፊት ካልተዋዋሉ፣ ኅብረታቸው ድምፅ እስኪቈጠር ብቻ የሚቆይ ነው። ለዚህም የፈረንሳይ ግራ ክንፍና አረንጓዴ ፓርቲዎች የሄዱበትን መንገድ በምሳሌነት እናቀርባለን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ፣ ሁለቱ ወገኖች መተባበራቸው የሚያስነቅፋቸው አይደለም። አረንጓዴዎቹ አየሩ፣ ውሃውና ምድሩ እንዳይበላሽ ይሟገታሉ፤ ግራ ክንፎቹ ለሠርቶ አደሩ ይሟገታሉ። አንደኛው ያለ ሁለተኛው ምን እንደሚሆን በ2018 ታይቷል። የፈረንሳይ መንግሥት በአካባቢ ጥበቃ ስም በነዳጅ ላይ ቀረጥ ሊጨምር ሲነሣ፣ ከከተማ ርቆ የሚኖረውና ያለ መኪና ሥራው ቦታ መድረስ የማይችለው ሕዝብ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ አደባባይ ወጣ፤ መንግሥትም ጭማሪውን ለመተው ተገደደ። አየሩን የማጽዳት ዕዳ በድኻው ጫንቃ ላይ ብቻ ሊጣል እንደማይገባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡም መተባበርን ያስገድዳል። በኤፕሪል 2022 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ማክሮን አንደኛ ሲወጡ፣ ማሪን ለ ፔን ከመቶ 23.15፣ የግራው ዣን ሉክ ሜላንሾን ደግሞ 21.95 አገኙ። ወደ ሁለተኛው ዙር የሚያልፉት ሁለት ብቻ ናቸውና ሜላንሾን ቀሩ። በዚያው ቀን የአረንጓዴዎቹ እጩ ከመቶ 4.6፣ የኮሚኒስቶቹ እጩ 2.3 ወስደው ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ነገር ፈረንሳዮች በቍጥር ተማሩት።

ስለሆነም በሜይ ወር አራቱ ፓርቲዎች ኅብረት ፈጠሩ። ከ577ቱ የምርጫ ወረዳዎች ለአረንጓዴዎቹ 100፣ ለሶሻሊስቶቹ 70፣ ለኮሚኒስቶቹ 50 ተሰጣቸው፤ የቀረው አብዛኛው ለሜላንሾን ፓርቲ ሆነ። ወረዳውን መከፋፈል ተቻለ። ችግሩ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። አረንጓዴዎቹ የኑክሌር ጣቢያዎች ይዘጉ ይላሉ፤ ኮሚኒስቶቹ ይቀጥሉ፣ አዲስም ይሠራ ይላሉ። ይህን የመሳሰለውን ክርክር ፓርላማው ይጨርሰዋል ብለው በይደር አቈዩት። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በጁን 2024 ለአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ አራቱም በየፊናቸው ቀረቡ።

በዚያው ምሽት ማክሮን ምክር ቤቱን በተኑ። ቀኝ አክራሪው ወገን ሥልጣን ሊይዝ ነው የሚል ሥጋት በመነሣቱ፣ የተለያዩት ፓርቲዎች በጥቂት ቀን ውስጥ ዳግመኛ ተሰባስበው ራሳቸውን «አዲሱ ሕዝባዊ ግንባር» አሉ። ጁላይ 7 ወደ 180 የሚጠጋ ወንበር ይዘው አንደኛ ወጡ፤ ለአብላጫ ግን 289 ያስፈልግ ነበር። ያን ጊዜ ማን ጠቅላይ ሚኒስትር ይሁን በሚለው ተጨቃጨቁ። ሉሲ ካስቴን እጩ አድርገው ያቀረቡት ከ16 ቀን በኋላ ነው። ማክሮን እጩዋን ሳይቀበሉ ቀርተው በሴፕቴምበር ሚሼል ባርኒዬን ሾሙ። ጥፋቱ የማክሮንም ነው የሚል ቢኖር አንከራከረውም። ነገር ግን በማግሥቱ በአንድ ድምፅ ስም የሚጠራ ኅብረትና ሁለት ሳምንት የተጨቃጨቀ ኅብረት እኩል አይፈሩም።

ሶሻሊስቶቹ ግን መልስ አላቸው። በኦክቶበር 2025 መንግሥቱን ለመጣል በተሰጠው ድምፅ ባለመተባበራቸው፣ የጡረታን ዕድሜ ከ62 ወደ 64 ከፍ ያደረገው የ2023 ሕግ እንዲታገድ ለማድረግ ችለናል ይላሉ። ይህ ለሠራተኛው ቀላል ነገር አይደለም፤ እኛም አናቃልለውም። ሆኖም አብረዋቸው የተመረጡት አረንጓዴዎችና ሌሎቹ የግራ ጓዶቻቸው በዚያው ቀን መንግሥቱ ይውደቅ ብለው ድምፅ ሰጥተዋል። የሕዝቡን ድምፅ በአንድ ስም ተቀብለው በሁለት አፍ ተናገሩ ማለት ነው። መራጩ ለየትኛው አፍ ድምፅ እንደ ሰጠ ማን ይነግረዋል?

የግንባሩ ስም የተወሰደው ከ1936ቱ ሕዝባዊ ግንባር ነው። ያ ግንባር ለፈረንሳይ ሠራተኛ በሳምንት የ40 ሰዓት ሥራና በዓመት የሁለት ሳምንት ደመወዝ ያልተቋረጠበት ዕረፍት አስገኝቷል። ግንባሩ ምርጫውን ያሸነፈው ሜይ 3 ነው፤ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ፋሺስቶች አዲስ አበባ ገቡ። በዚያ ክረምት የመንግሥታቱ ማኅበር በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ሲያነሣ የሌዎን ብሉም መንግሥት ተስማምቷል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ተማሪ ስለ ፈረንሳይ ኅብረት ሲያነብ የሩቅ ወሬ ያነበበ አይምሰለው። ኅብረት ቃል ያልገባበት ጉዳይ የመጀመሪያው መሥዋዕት ይሆናል።

እንግዲህ ኅብረት ይቅር አንልም። ኅብረት ሲቀርብልን ግን፣ በአገርም ሆነ በዚሁ በግቢያችን ማኅበር፣ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የማትስማሙበት ምንድን ነው? በእርሱ ላይ የሚወስነው ማን ነው? የተወሰነውን አልቀበልም ያለ ወገን ምን ይሆናል? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ ያለው ኅብረት ድምፃችን ይገባዋል። መልስ የሌለው ግን አስቀድሞ ይዋዋልና ይምጣ።